የፕሪም እንጨት ጭስ

ነፋሱ ሽፋኑን ከሥጋ ማድረቂያው ርብራብ ላይ ገንጥሎ ሲወስደው ሞይዝ ላሮክ ተከትሎት ሮጠ። ውሃ የጠጣ የጎሽ ቆዳ ከባድ ነው፤ ነፋሱ ግን ከጋሪ ወደ ጋሪ እያላጋ ወሰደው። ሽማግሌው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ እጁ የቆዳውን ጠርዝ አልለቀቀም።

«አባዬ! ቶሎ በል፣ እሳቱ ሊጠፋብኝ ነው!» ሴት ልጁ ዩፍሮዚን ከኋላው ጮኸች።

ቆዳውን እየጎተተ ተመለሰ። ዩፍሮዚን የገፋ ሆዷን አስቀድማ፣ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ዘርግታ ርብራቡን ከዝናቡ ልትከልል ትሞክራለች። እንደ ጨርቅ ስስ ሆኖ የተዘለዘለው ሥጋ በየእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ እርጥብ ኩበት ይንሿሿል። ጭሱ ቀጭን ነው፤ ሥጋው ዘንድ ሳይደርስ ነፋሱ ይበትነዋል።

ሽፋኑን መልሰው አሰሩት። ዩፍሮዚን ከዳር ያለውን ዝልዝል በጣቷ ነክታ ጣቷን አሸተተች። ከዚያ ከጫፉ ቆንጥራ ለአባቷ ሰጠችው። በዚህ ቤት ቋንጣው ጭስ መያዝ አለመያዙን ቀምሶ የሚፈርደው እሱ ነው፤ ሚስቱ በሕይወት ሳለችም እንደዚያው ነበር። አፉ ውስጥ አደረገው። ያዳልጣል።

«አልያዘም» አለ።

«እስከ ነገ እንዲህ ከቆየ የውሻ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ባሏ አንትዋን ድንኳኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ትከሻው በቀይ መቀነቱ ታስሯል። በአደኑ ሩጫ መሐል የፈረሱ እግር ጉድጓድ ገብቶበት ነው የወደቀው። ከመውደቁ በፊት የጣላቸው ጎሾች እነዚህ ርብራቡ ላይ ያሉት ናቸው። ዘንድሮ ሌላ አይጨመርም። በረዶው ሲወርድ፣ ልጁም ሲወለድ፣ ቤቱ የሚበላው ይህንኑ ነው።

«ደረቅ ነገር ፈልግልኝ» አለች ዩፍሮዚን። «ፍልጥ ይሁን፣ ኩበት ይሁን፣ ከፈለግህ የጋሪ ጎማ ይሁን። ከየትም።»

ሞይዝ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

ሜዳው ዛፍ የለውም። እንጨት ያለው ከጅረቱ ማዶ ካለው ገደል ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ መሄድ ደግሞ ተከልክሏል። ጠላቶቻቸው የዳኮታ ፈረሰኞች ከጉብታው ላይ ከታዩ ወዲህ የአደኑ አለቃ ቶማ ማንም ከጋሪዎቹ ክብ እንዳይወጣ አዟል። የወጣ ሰው ኮርቻውና ልጓሙ በፊቱ ይቆራረጣል። ይህን በየድንኳኑ እየዞረ የለፈፈው ራሱ ሞይዝ ነው። የአዳኞቹ አዋጅ ነጋሪ እሱ ነው። ጠዋት ባንዲራው ሲሰቀል ሰፈሩን የሚያስነሳው፣ ማታ ሲወርድ የሚያስተኛው የሱ ድምፅ ነው። ሕጎቹን ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ማንበብ አይችልም።

ለሌብነት ኮርቻ አይቆረጥም። የአንዲት ጅማት ዋጋ እንኳ የሰረቀ ሰው ሰፈሩ መሐል ይቆማል። አዋጅ ነጋሪው ስሙን ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በየጥሪው መጨረሻ «ሌባ» ይላል። ከዚያ ሰውየው ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ሌላ ቅጣት የለውም። ሌላ ያስፈለገበትም ጊዜ የለም።

ከመጀመሪያው ጋሪ ሥር ሴትዮዋ አንገቷን አወጣች።

«አጎቴ ሞይዝ፣ ኩበት ፍለጋ ከሆነ አይድከሙ። የኛ ሾርባ ሆኗል።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ባሌን ይውሰዱት። ከተኛ ቆይቷል፤ ደርቋል።»

ከውስጥ ባልየው አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እሷ ሳቀች። ሞይዝ አልሳቀም። ሌላው ጋሪ ዘንድ አንድ እፍኝ ሰጡት፤ ሲጨብጠው ውሃ በጣቶቹ መሐል ወጣ። ቀጥሎ ያሉት ጎማ የሚጠግኑበትን ትርፍ እንጨት ፈልጠው ራሳቸው እያነደዱት ነበር፤ ሲያዩት ጀርባቸውን ሰጡት። አልተቀየማቸውም። እሱም ቢሆን ይሰጥ ነበር ወይ?

ከክቡ ጫፍ አንድ ጭስ ወፍሮ ይወጣል።

ከሩቅ አየው፤ የማን እንደሆነም አወቀ። የመበለቲቱ የዦዜት ሞረን ነው። እንደ ደንቡ አዳኞቹ ከመጀመሪያው ግዳይ ለሷ ሰጥተዋታል፤ ከጋሪዋ ጎን ቆዳ ወጥራ፣ ትንሽ ርብራብ ሠርታ፣ ከሥሩ ትንሽ እሳት አንድዳለች። እሳቷ ትንሽ ናት፣ ግን እንጨቷ ደረቅ ነው። ሰው ሁሉ በዚህ ሜዳ በነሐሴ ዝናብ አይዘንብም ብሎ ባዶ ጋሪ ይዞ ሲወጣ ዦዜት ከቤቷ ፍልጥ ጭና ነው የመጣችው።

«ዦዜት!» ብሎ ተጣራ፤ ቀስ ብሎ። መልስ የለም። የውሃ መቅጃዋ አቁማዳም ከቦታው የለም።

ጎንበስ ብሎ ከጋሪው ሥር አየ። የኖርበር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኖርበር ጋሪም ድንኳንም የሌለው ቅጥረኛ ፈረስ ጠባቂ ነው፤ ሌሊቱን ካገኘው ጋሪ ሥር ያድራል። አሁን ፈረሶቹ ዘንድ ነው። ከብርድ ልብሱ ጀርባ በቆዳ የተጠቀለለ ትንሽ ሸክም አለ። ሞይዝ ቆዳውን ገለጠ። ልቡ ቀላ ያለ፣ እንደ አጥንት የደረቀ የፕሪም እንጨት ነበር።

ዛፉን ያውቀዋል። አሌክሲ ሞረን ቤት ጓሮ የነበረው የዱር ፕሪም ነው።

አሌክሲ የዦዜት ባል ነበር። ሳቂታ ሰው ነበር፤ ጥሩ ተኳሽም ነበር። በአንድ የአደን ወቅት ጫማው ተቀደደበትና ከሰው ጋሪ ላይ አንዲት የጎሽ ጅማት ወስዶ ሰፋበት። እመልሳለሁ ብሎ ነው አሉ። ባለቤቱ ከሰሰ፤ ሕጉም ሕግ ነው። ሞይዝ ያኔ ድምፁ ሙሉ ነበር። መሐል ሜዳ ቆሞ «አሌክሲ ሞረን፣ ሌባ!» ሲል ከጅረቱ የሚጠጡት ፈረሶች ሁሉ ቀና አሉ። ሰዎች ለብዙ ጊዜ ስለዚያ ድምፅ ያወሩ ነበር፤ ሞይዝም ሲያወሩ ደስ ይለው ነበር። አሌክሲ ዳግመኛ ወደ አደን አልወጣም። ሰው ቤትም አልሄደም። ልጁን የመንደሩ ልጆች «ጅማት» ብለው ጠሩት። በመጨረሻ አሌክሲ ጓሮው ያለውን ፕሪም ቆርጦ፣ ፈልጦ፣ ከምሮ፣ በዚያው የበረዶ ወራት ታሞ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ሞይዝ ከዦዜት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም።

ሊጠብቃት ይችል ነበር። «ዦዜት፣ የልጄ ሥጋ ሊበላሽብኝ ነውና ከእንጨትሽ ስጪኝ» ማለት ነው። ቃሉን በልቡ ለመናገር ሞከረ፤ አልወጣለትም። የዚያች ሴት ፊት ቆሞ ከመለመን ሌላ ማንኛውም ነገር የሚቀል መሰለው። እጁ ፍልጡን አንስቶ ካፖርቱ ውስጥ ሲከት እያየው ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ወሰደ። ጥቂቱ አይበቃም። ሁሉንም ወሰደው። ቆዳውን እንደነበረ ጠቀለለው፤ ባዶ መሆኑ እንዳያስታውቅ ሣር ከተተበት። ለማታ እነግራታለሁ አለ። ሣሩን ለምን እንደከተተ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ጥቂት እንደሄደ ዦዜት አቁማዳዋን ተሸክማ መጣች። እጥር ያለች፣ ፀጉሯ የነጣ ሴት ናት።

«እንደምን አደርክ ሞይዝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዩፍሮዚንስ? ቀኗ አልደረሰም?»

«አልደረሰም። ደኅና ናት።»

«ይኸ ዝናብ ነገ ያባራል። ጉልበቴ ተሽሎታል።»

«ደግ።»

ሁለቱንም ክንዱን ሆዱ ላይ አጣምሮ መቆሙን አየች።

«ምነው፣ ሆድህን አመመህ?»

«ብርድ ነው።»

«ትንሽ መረቅ አለኝ። ላሙቅልህ?»

«የለም፣ የለም» አለ፤ ዓይኗን ሳያይ አልፏት ሄደ። አሁን ልነግራት እችል ነበር ሲል አሰበ። ግን እግሩ አልቆመም።

የፕሪሙ እንጨት ወዲያው ተያያዘ። ጭሱ ወፍራምና ሰማያዊ ሆኖ ከሽፋኑ ሥር ተጠቀለለ፤ ሥጋው ውስጥ ገባ። ዩፍሮዚን በጭቃ የተለወሰ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀችው።

«ከየት አገኘኸው?»

«ሰጡኝ።»

«ማን?»

«ሰው ነዋ።»

አላጠበቀችበትም። ኖርበር የፈረስ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ውሃው ከባርኔጣው እየተንጠባጠበ በዚያ አለፈ። ቆሞ አየር ሳበ።

«አጎቴ፣ ጭስዎ ሰርግ ሰርግ ይሸታል! የሌላው ሰው ጭስ ከብት ከብት እያለ የእርስዎ ምን አግኝቶ ነው?»

«ወደ ሥራህ ሂድ» አለው ሞይዝ።

«ሊድሩኝ አስበው ከሆነ ተስማምቻለሁ። ጥርስ ያላት ትሁን ብቻ።»

ዩፍሮዚን ፍርስ ብላ ሳቀች። ኖርበር ባርኔጣውን አንስቶላት ሄደ።

ብዙ አልቆየም። ከክቡ ጫፍ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ሰው ወደ ባንዲራው ምሰሶ መሰብሰብ ጀመረ። ባዚል የሚባል ከአለቃው ወታደሮች አንዱ፣ ወፍራም ሰው፣ በጭቃው ውስጥ እየተንቦራጨቀ መጣ።

«አጎቴ ሞይዝ፣ አለቃ ይፈልግዎታል። ሌባ ይዘናል።»

«ማንን?»

«ኖርበርን። የአክስቴ ዦዜትን እንጨት ጠራርጎ ወስዶታል፤ ሣር ጠቅጥቆ ትቶላታል፣ አያሳዝንም?»

ዩፍሮዚን እጇ እንጨት እንደያዘ ቀረ። እሳቱን አየች፤ አባቷን አየች። ሞይዝ ካፖርቱን ቆለፈ።

አለቃ ቶማ ከምሰሶው ሥር ቆሟል። ባንዲራው ርሶ ምሰሶው ላይ ተጣብቋል። አለቃው ወንበርም ልዩ ልብስም የለውም፤ አለቃነቱ የሚታወቀው እሱ ሲናገር ሌላው ዝም በማለቱ ነው። ኖርበር ባርኔጣውን አውልቆ መሐል ቆሟል። ዦዜት ከጎን፣ ክንዷን በሻርፕ ሸፍና።

«ከጋሪው ሥር ያደርከው አንተ ነህ?» አለ አለቃው።

«እኔ ነኝ አለቃዬ።»

«ብርድ ልብስህ ላይ ስንጥር ተገኝቷል።»

«እንጨቱን ተደግፌ ነው የተኛሁት። ሚስት ያለው ሚስቱን ይደገፋል፤ እኔ ያገኘሁትን።»

ሰው ሳቀ። ባዚል ገፋ አደረገው።

«ቀልድህን ተው! ትምባሆህ አዲስ ነው። በምን ለወጥከው?»

«በካርታ አሸንፌ ነው። አንተኑ እኮ ነው ያሸነፍኩት።»

«እኔ ያስያዝኩት ይኸን ያህል አልነበረም!»

«ባዚል፣ በቃ» አለ አለቃው። «ኖርበር፣ ሥጋ የለህም፤ ለራስህ እንዳልፈለግኸው አውቃለሁ። የሰጠኸው ሰው ካለ ንገረኝ። በዚህ ዝናብ ደረቅ እንጨት የሚያነድ ሰው አይሰወርም። በየእሳቱ አልፈሃል፤ ፕሪም የሸተተህ የት ነው?»

ኖርበር አፉን ከፈተ። ዓይኑ በሰዎቹ ላይ ሲዞር ሞይዝ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ቆመ። ሌባው ማን እንደሆነ ኖርበር እንደገባው ሞይዝ አየ። የቅጥረኛው ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«ምንም አልሸተተኝም አለቃዬ። ዝናቡ አፍንጫዬን ዘግቶታል።»

የሞይዝ ጆሮ ጋለ። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀልድበት ሰው ራሱን ሰጥቶ ከለለው።

አለቃው ተነፈሰ። ደስ አላለውም። «እንግዲህ ሕጉ ይታወቃል። ሞይዝ፣ ና ቁም።»

ሞይዝ መሐል ገባ። ደረቱ ከልማዱ አየር ሞላ። አፉን ከፈተ። ማንን ሊጠራ ነበር? ኖርበርን ወይስ ራሱን? በኋላ ብዙ ጊዜ ይህን ፈልጎ አጣው። አፉ ተከፍቶ እንዳለ ዦዜት ተናገረች።

«ቆይ ሞይዝ። ቆይ አለቃ። እንጨቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ለማን?»

«ለሞይዝ። ጠዋት፣ ለልጁ ሥጋ። ሰጥቼው ረሳሁት።»

ጉርምርምታ ሆነ። ባዚል እጁን አጨበጨበ። «አክስቴ! ተዘረፍኩ ብለሽ የጮኽሽው አሁን እኮ ነው! ሣሩንስ ማን ከተተው?»

«እኔ እሆናለሁ። አርጅቻለሁ ልጄ።»

«ነገ ደግሞ ጋሪዬ ጠፋ በይን፤ ላይዋ ላይ ተቀምጠሽ!»

ሳቁ ሰፈሩን ዞረ። ዦዜት ሻርፗን አጥብቃ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። አለቃ ቶማ ግን አልሳቀም። ሞይዝን አየው።

«እውነት ነው?»

ያ ድምፅ፣ ፈረሶችን ቀና ያደረገው ድምፅ፣ አልመጣም። ሞይዝ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ዙርና ተናገር» አለ አለቃው ቀዝቀዝ ብሎ። «የተሰረቀ ነገር የለም፤ ኖርበር ንጹህ ነው በል።»

ሰው ሲበተን ሞይዝ ዦዜትን እስከ ጋሪዋ ተከተላት። እሷ ቢላዋዋን አንስታ ሥጋ መዘልዘሏን ቀጠለች። እጇ እስከ ክርኑ ሞራ ነው።

«በምን አወቅሽ?» አለ።

«ነፋሱ ዞረ። የጓሮዬን ዛፍ ጭስ አላውቀውም?»

«ለምን እንዲያ አልሽ?»

«ኖርበር አይችለውም። የሚስቅ ሰው የሚችል ይመስላል። አሌክሲም ይስቅ ነበር።»

ቢላዋዋ ሥጋውን እንደ ወረቀት ከፈለችው።

«ልመለስና ልናገር። ራሴን ልጥራ።»

«አትጥራ። ልጅህ ልትወልድ ነው። የሌባ ቤት ልጅ እንዴት እንደሚያድግ እኔ አሳድጌ አይቻለሁ። ሌላ ልጅ ላይ አልጨምርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ዦዜት?»

ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ሥጋውን ብላ። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ፣ በየገበታው ብላው። ሂድ አሁን፤ አለቃው ያዘዘህን ተናገር።»

ሄደ። በየጋሪው እየዞረ ለፈፈ። «ስሙ! ስሙ! የአለቃ ቶማ ቃል ነው! የዦዜት ሞረን እንጨት አልተሰረቀም! ኖርበር ንጹህ ነው!» ዝናቡ ቃሉን ይበላዋል። «ምን አለ?» ይላሉ ከየድንኳኑ፤ ውሸቱን ደግሞ ይናገራል። ኖርበር ፈረሶቹን እያሰረ ነበር፤ ሲያልፍ ፊቱን አላዞረም።

ዙሩ አልቆ ምሰሶው ዘንድ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው። አንድ ነገር መጣለት። ትክክል መሰለው፤ እንደዚያ ትክክል የመሰለው ነገር ከብዙ ጊዜ ወዲህ አልነበረም። የዦዜትን ባል ስም ያቆሸሸው እንዲህ ሰፈር መሐል ቆሞ፣ በዚህ ድምፅ ነው። በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ድምፅ፣ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል፤ መጨረሻው ላይ ምንም አይጨምርም። ስሙ ንጹህ ሆኖ ይመለስ። ዦዜት ትሰማዋለች።

ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሌክሲ ሞረን!»

ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ሙሉ ነበር። ሰዎች ከየድንኳኑ አንገታቸውን አወጡ።

«አሌክሲ ሞረን!»

ቢላዎች ቆሙ። አንዲት ሴት ልጇን ከጭቃው አንስታ አቀፈች።

«አሌክሲ ሞረን!»

ዝም አለ። ሰፈሩም ዝም አለ። ዝናቡ ቆዳዎቹ ላይ ሲመታ ብቻ ይሰማል። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሞይዝ ሸክሙ ከትከሻው የወረደ መሰለው።

«ሌባ!» አለ አንድ ወጣት ከድንኳን ውስጥ፤ ቃሉ የቀረ መስሎት፣ ሊያግዝ።

ከየአቅጣጫው ሳቅ ወጣ። በዚህ ሰፈር የሰው ስም ሦስት ጊዜ የሚጠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሞይዝ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። አላሰበውም።

«አሌክሲ ማነው?» ይላል አንዱ።

«የአክስቴ ዦዜት ባል። ሞቷል እኮ።»

«ሙት ምን ይሰርቃል?»

«ድሮ ነው። ጅማት ሰርቆ፣ አታውቅም?»

«እኔ ገና ዛሬ መስማቴ ነው! እና እንጨቱንም እሱ ነው የወሰደው?»

ያልሰሙት ሰሙ። የረሱት አስታወሱ። ወሬው ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲሄድ ሞይዝ በዓይኑ ይከተለዋል፤ እስከ ክቡ ጫፍ ደረሰ። ዦዜት ከጋሪዋ ጎን ቆማለች። ቢላዋዋ በእጇ ነው። አልጮኸችም፤ ወደ እሱ አልመጣችም። ቆማ ታየዋለች፤ ያኔም፣ አሌክሲ መሐል ቆሞ ሳለ፣ እንዲሁ ነበር የቆመችው።

«ሌባ» የሚለው ቃል ከአፍ ወጥቷል። አንድ ሰው ላይ ማረፍ ነበረበት።

ሞይዝ ካፖርቱን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ አላወቀም። ርብራቡ ወዳለበት አንድ ጊዜ አየ። ዩፍሮዚን ቆማ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

«ሞይዝ ላሮክ!» አለ። «ሌባ!»

ሳቁ ቆመ።

«ሞይዝ ላሮክ! ሌባ!»

ባዚል «አጎቴ፣ ምን ነካዎት?» እያለ ሊቀርበው ሲል አለቃ ቶማ ክንዱን ይዞ አስቆመው።

«ሞይዝ ላሮክ! ሌባ!»

ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግን ደረሰ። ከክቡ ውጭ፣ ሜዳው ላይ፣ ፈረሶቹ ቀና ቀና አሉ። ኖርበር አንገታቸውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ መሬት መሬቱን ያያል።

ሕጉ ከዚህ በኋላ ሰውየው ወደ ድንኳኑ ይመለሳል ይላል። ሞይዝ ተመለሰ። መንገድ ለቀቁለት። ከቅድሟ ሴትዮ ጋሪ ሥር «አጎቴ» የሚል ድምፅ አልመጣም።

የሽፋኑ አንድ ማዕዘን ላልቷል፤ ዩፍሮዚን ገመዱን ዘረጋችለት፣ ያዘላት፣ አሰረችው። ከድንኳኑ ውስጥ አንትዋን «ምንድን ነው? ምን ተባለ?» ይላል።

ዦዜት መጣች። ጎንበስ ብላ ገና ያልነደዱትን ፍልጦች አንድ ባንድ ወደ ሽርጧ ሰበሰበች። የተያያዙትን አልነካችም። ስትቆም ወገቧን ያዘች።

«አትጥራ ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለሽኝ ነበር።»

«ሁለቱንም ጠራህ። የሱንም፣ ያንተንም።»

«አዎ።»

ዩፍሮዚንን አየቻት። ከሽርጧ ሁለት ፍልጥ መዝዛ ከእሳቱ አጠገብ፣ ከልጅቷ እግር ሥር አስቀመጠች። «ይኸን እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለቻት። «ማንም ቢጠይቅሽ።» ከዚያ በጭቃው ውስጥ ቀስ እያለች ሄደች።

ጭሱ ከሽፋኑ ሥር መጠቅለሉን ቀጠለ። ሲመሽ ዝናቡ ካፊያ ሆነ። ዩፍሮዚን ከርብራቡ ዳር ያለውን ዝልዝል በጣቷ ነካችው። ከጫፉ ቆንጥራ፣ ሳታየው፣ ለአባቷ ዘረጋችለት።

ተቀበላት። አፉ ውስጥ አድርጎ አላመጠ። ፕሪም ፕሪም ይላል። የአሌክሲ ጓሮ እንዳለ ገብቶበታል።

«ይዟል?» አለች።

ዋጠው።

«ይዟል» አለ።